የአፍ ወለምታ

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

አዲሱ አሰልጣኝ ዛሬ ሰሌዳ ይዞ መጣ። የትምህርት ቤት ሰሌዳ አይደለም፤ ወረቀት በመርፌ የሚሰካበት፣ ዙሪያው በእንጨት የተከፈፈ ነው። ልጆቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ ወደዱም ጠሉም ዓይናቸው የሚያርፍበት ቦታ፣ ከመልበሻ ክፍሉ በር አጠገብ፣ በምስማር መታው። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰካበት። ቅዳሜ የምንገጥማቸው ቡድን አሰልጣኝ ለጋዜጣ የተናገረው ነው፦ «ይሄ ለእኛ ጨዋታ ሳይሆን ልምምድ ነው።»

ልጆቹ ተሰብስበው አነበቡት። በረኛዋ ጮክ ብላ፣ ሌሎቹ በልባቸው። ሲወጡ አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ፣ የተናደደ ሰው አይደክመውም አለኝ። ወጌሻ ከመሆኔ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ ብዙ የተናደደ ሰው አስተኝቻለሁ። ይደክመዋል። ድካሙን የሚሰማው ዘግይቶ ነው እንጂ።

ማስታወሻ መያዝ የተውኩት ሆስፒታሉን ስለቅ ነው። ዘንድሮ ግን ልጽፈው አሰብኩ። ዘጠኝ ጨዋታ ቀርቶናል፤ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነን፤ ሁለት ቡድን ይወርዳል። ከወረድን ክለቡ የሴቶቹን ቡድን ይዘጋዋል የሚል ወሬ አለ። እዚህ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ክፍሌ ከተመልካች መቀመጫ በታች ነው፤ ሁለት የመታሻ አልጋ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ የበረዶ ሣጥን። ተመልካች እግሩን ሲደበድብ ከጣሪያው አቧራ ይረግፋል። ዘንድሮ ብዙም አልረገፈም።


የካቲት 6፣ ቅዳሜ

አሸነፍን፣ 2 ለ 1። ከአንዷ በቀር እያንዳንዷ ስትወጣ ሰሌዳውን በመዳፏ እየመታች ወጣች።

ከደብተሩ ጀርባ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በአንድ በኩል ሽሙጥ መኖር አለመኖሩ፣ በሌላው በኩል ውጤቱ። አንድ መድኃኒት አንዴ ስለሠራ ይሠራል አይባልም።


የካቲት 8፣ ሰኞ

ዛሬ ቁልፏ ቁርጭምጭሚቷን ልታሳሽ መጣች። ቁልፏ የመሐል ተከላካያችን ናት፤ ስሙን ያወጡላት ተመልካቾች ናቸው፤ እሷ ካለች ኋላችን ተቆልፏል ለማለት። ቅዳሜ ዕለት ሰሌዳውን ሳትመታ የወጣችው እሷ ብቻ ነበረች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። እጄን የምፈልገው ለሌላ ነገር ነው ብላ ቀለደች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኔ ዘንድ የሚያወጣው አልጋው ነው። ሰው በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን የሚያይ ሳይኖር፣ ጀርባው ሲታሽ ያወራል። ቁልፏም አወራች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የወለደቻት ልጅ አለቻት፤ ሰባት ዓመት ሞላት። የምታሳድጋት የቁልፏ እናት ናት፤ ያሉበት ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልጅቷ አያቷን «እማዬ» ትላለች፤ እሷን በስሟ ትጠራታለች። ባለፈው እረፍት የሄደች ጊዜ ልጅቷ ለሰፈር ጓደኞቿ «እህቴ ናት፣ ኳስ ተጫዋች ናት» ብላ አስተዋውቃታለች።

ይህን እየነገረችኝ ሳቀች። ጀርባዋ ግን አልሳቀም፤ ከእጄ ሥር እንደ ጣውላ ደረቀ።

«ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ እትዬ» አለች።

እኔ ዘንድ የተባለ እኔ ዘንድ ይቀራል አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሁሉም የምለው ይህንኑ ነው።


የካቲት 13፣ ቅዳሜ

ተሸነፍን፣ 0 ለ 2። ሰሌዳው ላይ የነበረው የተቃራኒዎቻችን አምበል ያለችው ነው፦ «እነሱን ገና ሳይወርዱ ሸኝተናቸዋል።» ልጆቹ እየፎከሩ ወጥተው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ትንፋሻቸው አለቀ። ሁለቱም ጎሎች የገቡት ሁሉም ወደ ፊት ሮጠው ማንም ሳይመለስ ነው።

አሰልጣኙ ሽሙጡ ለዘብ ያለ ነበር አለ። መድኃኒት አልሠራ ሲል መጠኑ አንሶ ነው የሚል ሐኪም አውቅ ነበር።


የካቲት 16፣ ማክሰኞ

ሰሞኑን አልጋዬ ላይ የሚተኙትን ሁሉ አንድ ጥያቄ እየጠየቅኩ ነው፤ የባላንጣ ስድብ ያበረታሻል ወይ?

በረኛዋ፦ እስክታጠብ ድረስ እንጂ ከዚያ ወዲያ ትዝ አይለኝም። አምበሏ፦ እግሬን ያከብደዋል፤ እየሮጥኩ መልስ ሳዘጋጅ ኳሱ ያልፈኛል። የግራ ክንፏ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጋዜጠኛ ስለ እሷ የጻፈውን ክፉ ቃል ቆርጣ ካልሲዋ ውስጥ አድርጋ ነው የምትጫወተው፤ ወረቀቱ አልቆ አሁን የቀረው ቁራጭ ላይ የሚነበበው «ከንቱ» የሚለው ብቻ ነው። እሷ ያለዚያ መጫወት አልችልም ትላለች። የቀድሞው አሰልጣኝ ሲያሞግሳት ግን ከዚያ የበለጠ ትሮጥ እንደነበር አይቻለሁ። አልነገርኳትም።

ቁልፏ፦ «የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው። የማያውቀኝ ሰው እንዴት ይሰድበኛል?»

ቤት ስገባ ለታናሽ እህቴ አወራኋት። አብረን ነው የምንኖረው፤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። የምታርመውን ደብተር ሳታስቀምጥ፣ ሰው በስድብ የሚሮጥ ቢሆን ኖሮ አባታችን ሁለታችንንም የዓለም ሻምፒዮን ያደርገን ነበር አለች። እስክናነባ ሳቅን።


የካቲት 20፣ ቅዳሜ

አቻ፣ 1 ለ 1። ተጋጣሚዎቻችን ጨዋ ናቸው፤ ምንም የተናገሩት አልተገኘም። ሰሌዳው ባዶ ነበር። ቁልፏ ዘጠና ደቂቃ እንደ ሰዓት ሠራች። አሰልጣኙ ባዶውን ሰሌዳ እንደ ባዶ መሶብ ነበር የሚያየው።


የካቲት 25፣ ሐሙስ

የፋሻ መጠየቂያ ላስፈርም አሰልጣኙ ቢሮ ገባሁ። እየጻፈ ነበር። የቅዳሜ ተጋጣሚዎቻችን በረኛ በሬዲዮ ተናገረችው የሚል ነው፤ «የእነሱ አጥቂዎች ሲመጡ ቁጭ ብዬ ጸጉሬን እጎነጉናለሁ።»

ያን ሬዲዮ እኔም ሰምቻለሁ። ልጅቷ ስለ ጉልበቷ ሕመም ነበር የተናገረችው፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ጆሮ ሰጥቼ ነው ያዳመጥኳት። አልተባለም አልኩት።

ብዕሩን አላነሳም። «ባትለውም አስባዋለች» አለኝ።

አስፈርሜ ወጣሁ። የእኔ ሥራ ከቁርጭምጭሚት እስከ አንገት ነው።


የካቲት 27፣ ቅዳሜ

አሸነፍን 1 ለ 0። ጎሉን ያገባችው የግራ ክንፏ የእነሱ በረኛ ፊት ሄዳ ጸጉር የምትጎነጉን መሰለች። በረኛዋ ግራ ገብቷት ቆመች።

አሰልጣኙ ከሜዳ ማዶ አየኝ። ሠንጠረዡ ላይ «ሽሙጥ ነበረ» ከሚለው ሥር ጻፍኩት። ለልጆቹ ነበረ።


መጋቢት 4፣ ቅዳሜ

0 ለ 3። ዝናብ። ሰሌዳው ላይ የሚያቃጥል ነገር ነበር፤ የፈጠራ ይሁን የእውነት አልጠየቅኩም። ሁለት የተሳበ ጅማት፣ አንድ የተሰነጠቀ ቅንድብ። ቡድን መሪው ከጨዋታው በኋላ ሰብስቦ ወሬው ወሬ አለመሆኑን ነገረን። ከወረድን ይዘጋል። ሃያ ሁለት ልጆችና እኔ። ማንም አላለቀሰም። አምበሏ ብቻ ሻወር ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ልብሷን ሳታወልቅ ቆመች።


መጋቢት 7፣ ማክሰኞ

አሰልጣኙ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ውኃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበረው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ሦስተኛ ክለቡ ነው፤ ከዚህ ቢባረር የሚቀጥረው የለም።

ቅዳሜ የምንገጥመው እነ ፌንጣን ነው። ፌንጣ የሊጉ ጎል አግቢ ናት፤ ትንሽ ናት፣ ስትዘል ግን በበረኛ እጅ ላይ ታልፋለች። የሚይዛት ቢኖር ቁልፏ ናት። አሰልጣኙ እንዲህ አለኝ፦ ቁልፏ ትጫወታለች፣ ግን ትተኛለች፤ ሰሌዳው አይነካትም። ይህችን ልጅ የሚነካት ምንድን ነው? አንቺ ታውቂያታለሽ።

ስለ ልጇ ካልሆነ በቀር ምንም አይነካትም አልኩት። ይህን ያህል ነው ያልኩት።


መጋቢት 11፣ ቅዳሜ

በአጭሩ።

ሰሌዳው ባዶ ነበር። አሰልጣኙ ቁልፏን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። ፌንጣ ሆቴል ውስጥ ለጓደኞቿ ስትናገር የሰማ ሰው ነገረኝ ሲላት ሰማሁ። አነበበች። አጥፋ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው። ተቀምጣ የጫማዋን ክር አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች።

እንዲህ ስትጫወት አይቼ አላውቅም። ማንም አላየም። ኳስ ሁሉ የእሷ ነበር። በሠላሳኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት በጭንቅላቷ አገባች፤ አልተደሰተችም፤ ፊቷ እንደ ግድግዳ። ከጣሪያዬ አቧራ ረግፎ ኖሯል፣ ኋላ ስገባ አልጋው ነጭ ሆኗል።

ሰባ አንደኛ ደቂቃ። ፌንጣ ኳሷን አሳልፋ ሰጥታ ነበር። ኳሷ ሄዳለች። ቁልፏ በሁለት እግሯ ተንሸራታ ገባች። ድምፁ እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ።

የእነሱ ወጌሻ ዘግይቶ ስለነበር ቀድሜ ደረስኩ። እግሯን ከላይና ከታች ይዤ ቃሬዛ እስኪመጣ እንዳይንቀሳቀስ አደረግኩ። ፌንጣ አልጮኸችም። ዓይኔን ዓይኔን እያየች፣

«ምን አድርጌያት ነው?» አለችኝ።

ቀይ ካርድ። በአሥር ሰው ጨረስን። 1 ለ 0 አሸነፍን።


መጋቢት 12፣ እሑድ

ሁለቱም የቅልጥም አጥንቶች። ትናንት ማታ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ብረት ገብቷል።

ሠንጠረዥ፦ ሽሙጥ ነበረ፤ ድል።


መጋቢት 14፣ ማክሰኞ

አሰልጣኙ ልጆቹን ሰብስቦ፣ ኳስ ነው፣ ያጋጥማል አለ። ቁልፏ እስከ ውድድሩ መጨረሻ ታግዳለች። ልምምድ ግን ትመጣለች፤ አልጋዬ ላይም ትተኛለች።

ዛሬ ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረ ጠየቅኳት። ለምን እንደጠየቅኳት እንጃ። አውጥታ ሰጠችኝ፤ በላብ ረጥቦ ደርቋል። እንዲህ ይላል፦ «ልጇ እንኳ በስሟ ነው የምትጠራት፤ እህቴ ናት እያለች ነው የምታስተዋውቃት። ለልጇ ያልሆነች ለቡድኗ ትሆናለች?»

«እንዴት አወቀች?» አለችኝ ቁልፏ።

ወሬ ምን መንገድ ያጣል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አመነችኝ።


መጋቢት 15፣ ረቡዕ

ባለፈው ማክሰኞ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። አጥሯል። አሰልጣኙ «ስለ ልጇ ምን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በስሟ እንደምትጠራት ነገርኩት። ስለ እህትነቱም ነገርኩት። ሳልጠየቅ። ለቁልፏ እንዲያዝንላት ነበር የፈለግኩት፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኛል። ሃያ ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ይቀራሉ ብዬም አስቤ ነበር። ሃያ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ቁልፏ ዛሬ፣ ሆስፒታል እሄዳለሁ አለችኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ እንዲያ ለምን እንዳለች ልጠይቃት ነው አለች። ጠያቂ አያስገቡም አልኳት።

ያስገባሉ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት።


መጋቢት 18፣ ቅዳሜ

0 ለ 0። ሰሌዳው ባዶ። ማንም ለማንም አልጮኸም።

ማታ እህቴን፣ አንድ ሰው በአደራ የሰማውን ቢናገርና ነገሩ ወደ ጥፋት ቢሄድ ምን ይሻለዋል ብዬ እንደ ዋዛ ጠየቅኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አለች። ወለምታ ማሸት የእኔ ሥራ ነው ብዬ ልቀልድ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ማን ነው ሰውየው አለች። የሥራ ባልደረባ ነው አልኳት። ወደ ደብተሮቿ ተመለሰች። ያነበበችውን ገጽ ደግማ ስታነብ አየኋት።


መጋቢት 21፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ለፌንጣ ልነግራት ነበር የሄድኩት፤ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ለራሴ ብዬዋለሁ፦ እኔ ነኝ፤ አንቺ ያላልሽውን ብለሻል ተብሎ ነው።

ክፍሏ በስተ ደቡብ ነው፤ ብርሃን ይገባዋል። እናቷ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጣቶቿን አየሁ፣ ቀለማቸው ጥሩ ነው፤ እብጠቱ እየወረደ ነው። ያን ቀን እግሬን የያዝሽው አንቺ ነሽ አይደል ብላ አመሰገነችኝ። እናትየው ተነስተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ከዚያ እንዲህ ስትል ነገረችኝ። ያቺ ልጅ ሐሙስ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ብዙ ቆማ ገባች። ለምን እንደዚያ አልሽ አለችኝ፤ ምን እንደምትል አልገባኝም። ወረቀት አሳየችኝ።

«አነበብኩትና፣ ልጅ እንዳለሽስ መቼ አወቅኩ አልኳት» አለች ፌንጣ። «ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ከዚያ ያንን ብርቱካን ላጠችልኝና ሄደች።»

ማን ይሆን እንደዚያ የጻፈው ብለው እናቷ ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኩ።


መጋቢት 23፣ ሐሙስ

ቁልፏ ቁርጭምጭሚቷን ልታሳሽ መጣች። በደረቷ ተኛች። ስለ ዝናቡ አወራች፤ ስለ አዲሱ የሜዳ ሣር አወራች። ሆስፒታል መሄዷን አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ሠላሳ ደቂቃ። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው ወይስ በኋላ ለሌላም ነግራ ይሆን? ሰው ይረሳል። ለአምበሏ ነግራ ሊሆን ይችላል።

አልነገረችም። እያወቅኩ ነው የምጽፈው።


መጋቢት 25፣ ቅዳሜ

1 ለ 2 ተሸነፍን። ሰሌዳው ላይ ስለ እግር ሰባሪዎች የተጻፈ ነገር ነበር፤ የእውነት ከጋዜጣ የተቆረጠ። የግራ ክንፏ እያለቀሰች ተጫወተች።


መጋቢት 30፣ ሐሙስ

ዛሬ ታሽታ ስትጨርስ ተነስታ ተቀመጠች። ጫማዋን አላደረገችም።

«እትዬ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ስለ ቁርጭምጭሚትሽ? በደንብ እየዳነ ነው» አልኳት።

ጫማዋን አደረገች። አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

እህቴ ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ተማሪዎቿን ስታስጽፍ እሰማለሁ። ሐሰት ነው።


ሚያዝያ 2፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ጨዋታ። ሰሌዳው ባዶ ነበር። 1 ለ 1። በአንድ ነጥብ ተርፈናል። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተንከባለሉ፤ ተመልካች አጥሩን ዘሎ ገባ፤ አሰልጣኙን በትከሻቸው ተሸከሙት። ቁልፏ በሲቪል ልብስ ከጥግ ቆማ አጨበጨበች።

ሠንጠረዡን ደመርኩ። ሽሙጥ የነበረበት ስድስት ጨዋታ፤ ሦስት ድል፣ ሦስት ሽንፈት። ያልነበረበት ሦስት፤ ሦስቱም አቻ። ከዚህ ማንም ሐኪም ምንም ሊል አይችልም። ፌንጣ ከእኛ ጋር ያደረገችው ጨዋታ ባይኖር ግን ወርደን ነበር፤ ይህ ግልጽ ነው። እግር የሚጻፍበት ዓምድ አላሰመርኩም።


ሚያዝያ 6፣ ረቡዕ

ይህን በዝርዝር ልጻፈው።

ልጆቹ ዕቃቸውን እየወሰዱ ነው። ቁልፏ አሥር ሰዓት ላይ ቦርሳዋን አንግባ መጣች። አልጋው ላይ አልተኛችም፤ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ፎጣ እያጠፍኩ ነበር፤ ማጠፌን ቀጠልኩ።

«ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገርኩት» አለች። «ሆስፒታል ቁጭ ብዬ እያለሁ ነው የገባኝ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩሽ።»

ፎጣውን አስቀመጥኩ። እኔ ነኝ አልኳት። አሰልጣኙ ጠይቆኝ ነገርኩት፤ ወረቀቱ ላይ ይጽፈዋል ብዬ አላሰብኩም አልኳት። ይህን የመጨረሻውን ስናገር ግን የካቲት ውስጥ ቢሮው ሲጽፍ ያየሁት ትዝ አለኝና፣ አይደለም፣ ሊጽፈው እንደሚችል አውቅ ነበር አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር የሚሉ ሰዎችን እሰማለሁ፤ እኔ ይሻለኝ እንደሆን አላውቅም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣

«ያን ቀን እንዴት ተጫወትኩ?» አለችኝ።

እንደ ወጌሻ መመለስ እችል ነበር። እውነቱን ነገርኳት፤ በአሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ የተጫወተ አላየሁም አልኳት።

«እኔም» አለች። «ኳስ ከጀመርኩ እግሬ እንደዚያ ታዞልኝ አያውቅም። ኮች እውነቱን ነው። ሠርቷል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ፣ እትዬ፤ ባይሠራ ደግ ነበር።»

እናቷና ልጇ ወዳሉበት ከተማ ልትሄድ ነው። እዚያ የታችኛው ሊግ ቡድን አለ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚለማመዱት። ልጇን ትምህርት ቤት ማድረስ ትችላለች። እማዬ በይኝ አልላትም አለች፤ እንደለመደባት ትጥራኝ። ስትነሳ እጄን ዘረጋሁ። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ስለነበር ይሁን ሌላ፣ አልጨበጠችኝም። በሩን ግን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።


ሚያዝያ 12፣ ማክሰኞ

ለቡድን መሪው ነገርኩት። የፈጠራ ወረቀቶቹን፣ የመጨረሻውን ወረቀት፣ የእኔን አፍ፣ ሁሉንም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። የአሰልጣኙ ውል ትናንት ለሁለት ዓመት ታድሷል። ከዚያ፣ የተረፍነው በዚያ ጨዋታ ነው፤ አሁን ይሄን ነገር ብትቆሰቁሺው ለማን ይጠቅማል አለኝ። ሃያ ሁለቱን ልጆች ጠቀሰልኝ። እኔ ራሴ መጋቢት ላይ የጠቀስኳቸውን።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉን መልሼ አልውጠውም። የጻፍኩት ሁለት ገጽ ነው፤ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት፣ ቀጥሎ የእሱን። ለሊጉ ጽሕፈት ቤት ወስጄ ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ማኅተም አድርጋ ቅጂውን መለሰችልኝና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች። ለክለቡ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ።

እህቴ ሁሉንም ስነግራት፣ ባልደረባሽ በመጨረሻ ተናገረ ማለት ነው አለች።


ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ

ፌንጣ ቤቷ ገብታለች። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ በክራንች ስለማትወርድ ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ናት። እናቷ እንደ ቤተሰብ ተቀበሉኝ፤ ይህ ነገሩን አከበደው። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ያን ቀን ምን አድርጌያት ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ምንም አላደረግሽም፤ ቃሉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሆስፒታልም መጥቼ ዋሽቻለሁ አልኳት።

እናቷ የያዙትን ብርጭቆ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ቆይተው አልወጡም።

ፌንጣ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። የምሄድ መሰለኝ፤ ቦርሳዬንም አንስቼ ነበር። ያኔ ነው የተናገረችው።

«ጉልበቴ አይታጠፍም። ክለቤ የመደበልኝ ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። የአንቺ እጅ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ያን ቀንም ይዘሽኝ አይቻለሁ።» ዞራ አየችኝ። «በሳምንት ሦስቴ ነይ። ግን አንድም ቃል እንዳታወሪኝ።»


ግንቦት 11፣ ረቡዕ

ከሊጉ መልስ አልመጣም። አሰልጣኙ አዲስ ልጆች እየመለመለ ነው ይባላል።

ዛሬ ለአሥረኛ ጊዜ ሄድኩ። እናትየው በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ውኃ በሰሃን፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ፎጣውን ከጉልበቷ ሥር አደረግኩ፤ በአንድ እጄ ጭኗን፣ በአንድ እጄ ተረከዟን ይዤ ቀስ ብዬ አጠፍኩ። ሲያማት ትንፋሿ ይቆማል፤ ሲቆም አቆማለሁ፤ ሲመለስ እቀጥላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰባ ዲግሪ ላይ ነበር የሚቆመው። ዛሬ ሰማንያ ስድስት ደረሰ። ጣቴን በአየር ላይ አድርጌ አሳየኋት፤ ራሷን ነቀነቀች።

አልተነጋገርንም።